ለአንድ የቀብር ማስታወቂያ ስንት መስመር ኮድ ይበቃል?

ሥራዬ ድረ ገጽ መሥራት ነው። እናቴ እስከ ዛሬ «ኮምፒውተር ይጠግናል» እያለች ነው ለሰው የምታስተዋውቀኝ፤ እኔም ማስረዳቱን ከተውኩት ቆየሁ። በእሷ ምክንያት ሰፈራችን ወሰን ውስጥ ያለ የተበላሸ ቴሌቪዥን ሁሉ አንድ ቀን ሳሎናችን አድሮ ያውቃል። ስለዚህ የእድራችን ሊቀመንበር ጋሽ ተካልኝ አንድ እሁድ ከሰዓት በኋላ በራችንን ሲያንኳኩ፣ ዓይኔ ቀድሞ የሄደው ወደ ብብታቸው ነበር። ሬዲዮ አልያዙም። ይህ ሊያሳስበኝ ይገባ ነበር።

ጋሽ ተካልኝ ከመንግሥት ሥራ ጡረታ የወጡ፣ ደንብ የሚወዱ ሰው ናቸው። ሰላምታ ሲሰጡ እንኳ አጀንዳ ያስያዙ ይመስላሉ። ጤናዬን፣ የእናቴን ጤና፣ ከዚያም የሥራዬን ሁኔታ በቅደም ተከተል ጠየቁና ወደ ነጥባቸው ገቡ።

«የመጣሁት በአባዶዎቹ ጉዳይ ነው።»

አባዶዎቹ የምንላቸው ኮንዶሚኒየም ደርሷቸው ከወሰን ወደ የካ አባዶ የሄዱ የእድራችን አባላት ናቸው። ሰዎቹ ቤት ለወጡ እንጂ እድር አልለወጡም። ከማያውቁት ጎረቤት ጋር ደረጃ መጋራት ይቻላል፤ ማን እንደሚቀብርህ ግን ለአዲስ ሰው የሚተው ነገር አይደለም። ችግሩ፣ እድራችን ሰው ሲሞት የሚያሳውቀው በለፋፊ ነው። ለፋፊያችን ጥሩ ጉሮሮ አለው፣ ድምፅ ማጉያም ተገዝቶለታል፤ ያም ሆኖ ድምፁ ከሰፈራችን መታጠፊያ አያልፍም። አባዶ ደግሞ ታክሲ ጠብቆ፣ ተሰልፎ፣ ተጋፍቶ የሚደረስበት ሌላ አገር ነው። ስልክ እንዳይደወል ግማሹ ቁጥር ቀይሯል፤ ግማሹ አያነሳም፤ የሚያነሳው ደግሞ «ማን ሞተ?» ብሎ ከጠየቀ በኋላ የሟቹን የሕይወት ታሪክ ሳይሰማ አይለቅም።

በዚህ መሀል ነው ጋሽ በቀለ ላይ ያ ነገር የደረሰው። ጋሽ በቀለ ከአባዶዎቹ አንዱ፣ ወሰን ጋራዥ የነበራቸው የጥንት መካኒክ ናቸው። ከአቶ ወንድሙ ጋር በአንድ መኪና ሆድ ሥር ተኝተው ነው ያረጁት። አቶ ወንድሙ ሲሞቱ ለጋሽ በቀለ የነገራቸው የለም። የሰሙት ቀብሩ ካለፈ በኋላ ነው፣ መገናኛ ታክሲ ሲጠብቁ፣ ከአንድ መንገደኛ። በሚቀጥለው የእድሩ ስብሰባ ላይ መጡና ተነሱ። ይቆጣሉ ብለን ጠብቀን ነበር።

«ወንድሙን ሳልቀብረው ቀረሁ» አሉና ተቀመጡ።

ከዚያ በኋላ ጸሐፊው ደንቡን አንስቶ፣ ቀብር የማይገኝ አባል እንደሚሰረዝ ሲያስታውስ ጋሽ ተካልኝ ራሳቸው፣ ያ ደንብ ወዳዱ ሰው፣ እንዲቀመጥ ምልክት ሰጡት።

«እና ኢንተርኔት ላይ አውጣልን» አሉኝ ያን እሁድ። «ሰው ሲሞት እዚያ ይለጠፍ። አባዶዎቹ ጠዋት ጠዋት ይዩት። በየኪሱ ስልክ አለ።»

እሺ አልኩ። እንዲያውም ደስ አለኝ። ቴሌቪዥን ያልሆነ ነገር የተለመንኩት ያኔ ለመጀመሪያ ጊዜ ነው።

በማግሥቱ ሲ.ኤም.ሲ ቢሮዬ ገብቼ ለሳምሪ ነገርኳት። ሳምሪ ከጎኔ የምትቀመጥ ባልደረባዬ ናት። እሷም የአባዶ ነዋሪ ስለሆነች ጠዋት የምትገባው ለቀኑ የሚበቃ መንገድ ሄዳ ነው፤ የትዕግሥቷ ማነስ ከዚያ ይመስለኛል።

«ገጹ ላይ ምን ይኖራል?» አለችኝ።

«የሟች ስም፣ የቀብር ሰዓት፣ የቀብር ቦታ።»

«ሦስት መስመር ነው በለኛ። ቁጭ ብለህ በእጅህ ጻፈው፤ ከምሳ በፊት ያልቃል።»

«በፍሬምወርክ ነው የምሠራው።»

«ለሦስት መስመር?»

«ዛሬ ሦስት መስመር ነው። ነገስ? ሲስተሙ ያድጋል።»

«ነገም ሰው ሲሞት ሦስት መስመር ነው» አለችና ወደ ስክሪኗ ዞረች።

ሙያውን ለማታውቁት ላስረዳ። ፍሬምወርክ ማለት ሌሎች ሰዎች አስቀድመው የጻፉት የኮድ አጽም ነው። ከባዶ ከመጀመር ምሰሶው ቆሞ፣ ጣሪያው ተመትቶ ይጠብቅሃል፤ አንተ ገብተህ ግድግዳ መቀባት ነው። ትልቅ ሕንጻ ለሚሠራ ሰው እውነተኛ ውለታ ነው። የፈለግከው የዶሮ ቤት ከሆነ ግን አሳንሰሩም የመኪና ማቆሚያውም አብሮ ይመጣል፤ እምቢ ብትል ሕንጻው አይቆምም። ይህን አውቅ ነበር። ግን አንድ ወጣት ባለሙያ ባገኘው የመጀመሪያ ሕዝባዊ አደራ ላይ የዶሮ ቤት ሠራ መባል አይወድም።

ፍሬምወርኩን ማውረድ ራሱ ወራት ፈጀ ብል ብዙም አልዋሸሁም። እያንዳንዱ ቁራጭ ሌላ ቁራጭ ይፈልጋል፤ ያኛው ደግሞ ሌላ። ሠርግ የተጠራ ዘመድ ጎረቤቱን፣ ጎረቤቱ ደግሞ የሥራ ባልደረባውን ይዞ እንደሚመጣ ማለት ነው። አንዱ ወርዶ ሊያልቅ ሲል ኔትወርክ ይሄዳል፤ ኔትወርክ ሲመጣ መብራት ይሄዳል፤ ሁለቱም ሲኖሩ ቁራጩ አርጅቶ አዲስ ወጥቶለታል። ጋሽ ተካልኝ መንገድ ላይ ሲያገኙኝ «ምን ደረሰ?» ይሉኛል። «እየወረደ ነው» እላለሁ። ቀና ብለው ሰማዩን አይተው ያልፋሉ።

በመጨረሻ ደረሰ። አባላት በይለፍ ቃል ይገባሉ። የሟች ፎቶ በራሱ ጊዜ ይንሸራተታል። ከሥሩ ደግሞ የማላውቀው፣ ከፍሬምወርኩ ጋር አብሮ የመጣ አውራ ጣት አለ፤ ማስታወቂያውን የወደደ ሰው ይጫነዋል። እሱን ለማስወገድ ሁለት ሳምንት ታገልኩ፤ አውራ ጣቱን ሳነሳ የሟቹ ስም አብሮ ይጠፋል። ትቼው አለፍኩ።

በእድሩ አዳራሽ ምረቃ ተደረገ። ግድግዳው ላይ አንሶላ ወጠርን፣ ፕሮጀክተር ተዋስኩ፣ ሰው ሞላ። ገጹ ሲበራ አጨበጨቡልኝ። ጭብጨባው ሲያልቅ አንዲት እናት ከኋላ ተነሱ።

«ልጄ፣ ከላይ የተጻፈው የማን ጸሎት ነው?»

ቀና ብዬ አየሁ። ፍሬምወርኩ የራሳችሁን ጽሑፍ እስክታስገቡ ድረስ ቦታ የሚይዝ ትርጉም የለሽ የላቲን ጽሑፍ ይዞ ይመጣል። ማውጣቱን ረስቼዋለሁ። «ላቲን ነው» አልኩ፤ ማለት አልነበረብኝም።

እድራችን ውስጥ ኦርቶዶክሱም ጴንጤውም አብሮ አለ፤ በቀብር ጉዳይ ተጣልተው አያውቁም። በዚያች ቅጽበት ግን የግራው ረድፍ ወደ ቀኙ፣ የቀኙ ወደ ግራው ተያየ። ሁለቱም ይህን ያመጣው ያኛው ወገን መስሎታል። አንድ ሰው «የካቶሊክ ነው!» አለ፤ ሌላው «ማን ፈቀደ?» አለ። ጋሽ ተካልኝ አጀንዳ አስይዘው ሊያከራክሩ ሲዘጋጁ፣ ጋሽ በቀለ መነጽራቸውን አድርገው ወደ አንሶላው ተጠጉ።

«ዶሎር...» አሉ በጣታቸው እየተከተሉ። «ዶሎሬ! ይቺንማ አውቃታለሁ። ሕመም፣ ሐዘን ማለት ናት። ልጅ ሆኜ የሠራሁበት ጋራዥ ባለቤት ጣሊያን ነበር፤ ጥርሱን ባመመው ቁጥር የሚላት እሷን ነው።»

«ስለ ሐዘን ነው የሚያወራው?» አሉ ጋሽ ተካልኝ።

«ይመስለኛል። ሌላውን አላውቀውም፤ መኪና ላይ የለም።»

«እንግዲያው ለእድር ተገቢ ነው» ተባለና በሙሉ ድምፅ ጸደቀ። እኔም ፕሮጀክተሩን አጠፋሁ።

ብዙም ሳይቆይ እማማ አስካለ አረፉ፤ ነፍሳቸውን ይማር። ማስታወቂያውን በክብር አወጣሁ። ቀብሩ ላይ ቆሜ አባዶዎቹን በዓይኔ ፈለግኩ። አንድም የለም። ማታ ጋሽ በቀለ ቤታችን መጡ፤ የልጃቸውን ስልክ በሁለት እጃቸው ይዘዋል።

«አንድ ክብ ነገር ይዞራል» አሉኝ።

«እና ምን አደረጉ?»

«ጠበቅኩት። ሞተሩ እየሞቀ ነው ብዬ። ጎረቤቶቼንም ጠርቼ አብረን አየነው። ሲነጋ ይዞራል፣ ቁርስ ስንበላ ይዞራል፣ እናንተ ቀብራችሁ ስትመለሱ እኛ እሱን እያየን ነበር። እኔ እንግዲህ አላውቅም፤ ክቡ ራሱ መልእክት ነበር እንዴ?»

መልእክት አልነበረም። የአንዲት እናት ስም ከመታየቱ በፊት አሳንሰሩና የመኪና ማቆሚያው በአባዶ ኔትወርክ መውረድ ነበረባቸው። ይህን ለጋሽ በቀለ በምን ቋንቋ ልንገራቸው? «አስተካክለዋለሁ» አልኩ። እሳቸውም ስልኩን ኪሳቸው ከተው፣ ገና እየዞረ፣ ወጡ።

ለሳምሪ ስነግራት አልሳቀችም፤ ብትስቅ ይሻለኝ ነበር። ምሳዋን በግራ እጇ እየበላች በቀኟ ጻፈችው። ነጭ ገጽ፣ ጥቁር ጽሑፍ፦ ስም፣ ሰዓት፣ ቦታ። ይለፍ ቃል የለ፣ የሚንሸራተት ነገር የለ፣ አውራ ጣት የለ። አባዶ ቤቷ ስትገባ ጋሽ በቀለ ዘንድ ሄዳ አሳየቻቸው። መነጽራቸውን ሳያወጡ ተከፈተ።

«ይሄኛው ቶሎ ይነሳል» አሉ አሉ። ለመካኒክ ከዚህ በላይ ምስጋና የለም።

ከዚያ በኋላ አባዶዎቹ ቀብር መቅረት ተዉ። እንዲያውም ከሰፈሩ ሰው ቀድመው እየደረሱ መቃብር ቆፋሪውን ማጣደፍ ጀመሩ። ጋሽ ተካልኝ ሲያገኙኝ «ያቺ ልጅ ጎበዝ ናት» ይሉኛል። እኔም አዎ እላለሁ፤ ግን ለራሴ የያዝኩት ነገር ነበር። በሳምሪ ገጽ አዲስ ማስታወቂያ የሚወጣው አሮጌውን እያጠፉ በላዩ በመጻፍ ነው። አንዱን መስመር ብትረሳ የሚያስታውስህ የለም። በፍሬምወርክ ቢሆን እያንዳንዱ ነገር የራሱ ሳጥን አለው፤ አንዱ ባዶ ከሆነ አይለቅህም። ይህን ስነግራት «እኔ አልረሳም» አለችኝ፤ እውነትም አትረሳም።

ታዲያ ሳምሪ እህቷን ልትድር አዳማ ስትሄድ ገጹን ለማን አደራ ሰጠች? ለእኔ።

የሰፈራችን አንድ አዛውንት አርፈው እንጦጦ ላይ ያለው ቤተ ክርስቲያን ተቀብረው ነበር፤ ገጹ ላይ የነበረው የእሳቸው ማስታወቂያ ነው። ከዚያ አቶ ጌታቸው ሞቱ። አቶ ጌታቸው ለዘመናት የጸና ጴንጤ ናቸው፤ ቀብራቸው ከሰፈራችን ብዙ በማይርቀው የወንጌላውያን መካነ መቃብር ነው። ጋሽ ተካልኝ ደውለው ሲነግሩኝ ቢሮ ነበርኩ። ፋይሉን ከፈትኩ። ስሙን ቀየርኩ። ሰዓቱን ቀየርኩ። አለቃዬ ጠራኝ። ተመለስኩና አስቀምጬ ዘጋሁት። ከሦስቱ ሁለቱን በትክክል ሠርቻለሁ፤ በትምህርት ቤት ይህ ጥሩ የማለፊያ ውጤት ነው።

በማግሥቱ ቀብሩ ላይ ሰው ከአፍ እስከ ገደፉ ሞልቷል፤ መዘምራኑ እየዘመሩ ነው፤ አባዶዎቹ ግን የሉም። የጋሽ ተካልኝ ፊት እየጠቆረ ሄደ። ፈንጠር ብዬ ለጋሽ በቀለ ደወልኩ። ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው አነሱ።

«ጋሽ በቀለ፣ የት ነዎት?»

«ቀብር ላይ ነኛ።»

«እኛም ቀብር ላይ ነን።»

«አላየንህም።»

«እኔም አላየኋችሁም። የት ጋ ነው የቆማችሁት?»

«ጥዱ ሥር።»

ዞር ዞር ብዬ አየሁ። «እዚህ ጥድ የለም።»

«በል ዝጋው፣ ቄሱ እያዩኝ ነው» አሉና ስልኩ ተዘጋ።

ቄሱ። አቶ ጌታቸው ቀብር ላይ ቄስ። ስልኬን አወጣሁና ገጹን ከፈትኩ፤ ወዲያው ተከፈተ፤ ለመከፈቱ ምንም አይወጣለትም። አቶ ጌታቸው፣ ሰዓቱ ልክ፣ ቦታው እንጦጦ።

ወደ ማታ አባዶዎቹ በተከራዩት ሚኒባስ ለቅሶ ቤት ሲደርሱ ጫማቸው የእንጦጦን ቀይ አፈር ይዟል። የሟቹን ቤተሰብ ሲያስተዛዝኑ ሁሉም አጎንብሰዋል። ማንም አልጮኸብኝም፤ ጋሽ በቀለ ግን በአጠገቤ ሲያልፉ ትከሻዬን ያዝ አድርገው «እሁድ ስብሰባው ላይ እነግራችኋለሁ» አሉኝ። እስከ እሁድ ድረስ እንቅልፌ እንደ ድሮው አልነበረም። ሳምሪም ከአዳማ ተመልሳ ፋይሉን አየችው።

«በእኔ ሲስተም ቢሆን ቦታውን ሳልሞላ አይለቀኝም ነበር» አልኳት።

«በአንተ ሲስተም ቢሆን ክብ ነገር እያዩ ይውሉ ነበር» አለችኝ። ሁለታችንም ልክ ነን። ያ ነው የሚያናድደው።

እሁድ አዳራሹ ሞላ። ጋሽ ተካልኝ ጥያቄውን በደንቡ መሠረት አቀረቡ፦ የአባዶ አባላት ቀብር ተገኝተዋል ወይስ አልተገኙም? ጸሐፊው አልተገኙም አለ። ከአባዶዎቹ አንዷ «ተገኝተናል፤ አልቅሰናልም» አሉ። «የተገኛችሁት የእኛ ቀብር ላይ አይደለም» ሲባል «ደንቡ የማን ቀብር እንደሆነ ይላል?» ብለው መለሱ። ደንቡ ተገለጠ። አይልም።

ያን ጊዜ ጋሽ በቀለ ተነሱ።

«እኛ ጽሑፉን አምነን ወጣን» አሉ። «መንገድ ላይ ይቺ ወይዘሮ 'ጌታቸው ጴንጤ አልነበረም እንዴ?' አለች። በመጨረሻው ሰዓት ተመልሶ ይሆናል አልን። እንዲያውም ተደስተን ነበር፣ ይቅርታ አድርጉልኝ።» የጴንጤዎቹ ረድፍ ሳቀ። «ስንደርስ ሬሳው ከመኪና አልወረደም። ሰው የለም። አንድ ልጅና ጥቂት ጎረቤት ነው ያለው፤ ተሸካሚ አልሞላም። የጌታቸው ሰው የት ሄደ ብዬ እየተገረምኩ ገብቼ ተሸከምኩ። የሕይወት ታሪኩ ሲነበብ ነው አቶ ደምሴ የሚባል ሰው መሆኑን የሰማሁት። የደን ጠባቂ ነበር፣ እዚያው እንጦጦ። እድር አልነበረውም።»

አዳራሹ ውስጥ «ውይ» የሚል ድምፅ ተሰማ። እዚህ ከተማ ስለ አንድ ሰው ብዙ ክፉ ነገር ሊነገር ይችላል፤ እድር አልነበረውም ሲባል ግን ሰው ይደነግጣል።

«ታዲያ ስታውቁ ለምን አልመጣችሁም?» አሉ ጋሽ ተካልኝ፤ ድምፃቸው ግን የሊቀመንበር አልነበረም።

«እንዴት አድርጌ? ተሸክሜዋለሁ እኮ። ደግሞ ልጁ ከጅማ ነው የመጣው፤ አባቱን ካየ ቆይቷል። እኛን ሲያይ ነው ማልቀስ የጀመረው። መጥቶ እጄን ይዞ 'አባባን ከየት ነው የምታውቁት?' አለኝ። ምን ልበለው? የእድራችን ድረ ገጽ ተሳስቶ ነው ልበለው? 'ከድሮ ጀምሮ ነው' አልኩት።»

ጋሽ በቀለ መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጉ።

«አርባውን ያወጣል። ኑ ብሎናል። ገጹ ላይ ይውጣልኝ፤ ይኸው ነው የምለው። በትክክለኛው ስሙ።»

ጸሐፊው ሟቹ አባል አለመሆናቸውን ለማስመዝገብ አፉን ከፈተ። ጋሽ ተካልኝ ቀና ሳይሉ «ስብሰባው አልቋል» አሉ።

ሰኞ ቢሮ ውስጥ ከሳምሪ ኋላ ቆሜ ስትጽፈው አየሁ። አቶ ደምሴ። አርባ። እንጦጦ። በእኔ ሲስተም ይህ አይቻልም ነበር፤ የሟች ስም የሚመረጠው ከአባላት መዝገብ ነው፣ መዝገቡ ውስጥ የሌለ ሰው ሊሞት አይችልም። ያን ክፍል ስሠራ እንዴት ኮርቼበት እንደነበር ትዝ አለኝ። ለሳምሪ ግን አልነገርኳትም። እሷም «ቦታውን አይተህልኛል?» ብቻ አለችኝ። አየሁላት።

በአርባው ዕለት ከአባዶ አንድ ሚኒባስ፣ ከወሰን ደግሞ ሌላ ወጣ። ጋሽ ተካልኝ ደንቡ ስለማይከለክል ብለው የእድሩን ድንኳንና ወንበር አስጭነዋል። የአቶ ደምሴ ግቢ ከባሕር ዛፉ ሥር ያለች ትንሽ ግቢ ናት፤ ወንበሩ ሲዘረጋ ሞላች። ሳምሪ ጴንጤ ስለሆነች ከተዝካሩ ባትቀምስም መጥታ በር ላይ እንግዳ ትቀበላለች። ልጃቸው ዮናስ ይባላል። ከእንግዳ ወደ እንግዳ እየሄደ፣ ጎንበስ እያለ ያመሰግናል። እኔ ጋ ደረሰ።

«አንተስ» አለኝ፣ «አባባን ከየት ነው የምታውቀው?»

ጋሽ በቀለ ከጎኔ ናቸው፤ ዛፉን ያያሉ። ሳምሪ ከበሩ ሆና ታየኛለች።

«በሥራ ነው የምንተዋወቀው» አልኩት።

ዮናስ እጄን አጥብቆ ጨበጠኝ። «አባባ ስለ ሥራው ብዙም አያወራም ነበር» አለና ወንበር ሳበልኝ።